ከፒያሳ ሜክሲኮ በሳይክል ለምትመላለሰው ወንድሜ፣ ስለ ውሾቹ

«ከፒያሳ ሜክሲኮ በሳይክል ሥራ እሄዳለሁ፣ ጠዋት ጠዋት ውሾች እያባረሩ መከራ አሳዩኝ፣ ዱላ ልያዝ ወይስ መንገድ ልቀይር?» ብለህ ለጠየቅከው። ያንተን መንገድ ሦስት ዓመት ተመላልሼበታለሁ። ከቴዎድሮስ አደባባይ ቸርችልን ቁልቁል፣ ጥቁር አንበሳን አልፎ፣ በብሔራዊ ቴአትር አድርጎ ሜክሲኮ። መቼም የምትወጣው እንደ እኔ ከ12 ሰዓት በፊት ነው፣ አስፋልቱ ባዶ ሳለ። በዚያ ሰዓት መንገዱ የውሾቹ ነው።

ከእኔ በፊት ስትመልሱለት «መርዝ ነው መፍትሔው» ያላችሁትን ዝም ብዬ አልፌያለሁ። «ዱላ ያዝ» ያላችሁት ግን ሳይክል ነድታችሁ አታውቁም። በአንድ እጁ መሪ፣ በሌላው ዱላ ይዞ ቸርችልን የሚወርድ ሰው ውሻው ሳይደርስበት አስፋልቱ ይበላዋል።

1. አትሽሽ። ውረድ። ይህችን ብቻ ይዘህ ብትሄድ ይበቃሃል። ውሻ ለአጭር ርቀት በሰዓት ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ ይሮጣል። ቁልቁለቱ ላይ አመልጠዋለሁ ትል ይሆናል። ማታ ስትመለስስ? ያው ቸርችል ዳገት ሆኖ ይጠብቅሃል። ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር በላይ ላይ፣ ቀኑን ሙሉ ሠርተህ፣ ምላስህ ወጥቶ ስትገፋ ሽማግሌ እንኳ በእግሩ ይቀድምሃል። ውሻው የሚያባርረው የሚሽከረከረውን ጎማና የሚወራጨውን እግር ነው። ቆመህ ስትወርድ የሚያባርረው ነገር ያጣል። ሳይክሉን በአንተና በእሱ መካከል አድርግ። ዓይን ዓይኑን አትየው፣ ጀርባህንም አትስጠው። እየገፋህ ቀስ ብለህ እለፍ። የእሱ ክልል ሲያልቅ ጥቂት ጮሆ ይመለሳል። ብዙ ከሆኑ ደግሞ መሃል መንገድ ላይ አትቁም፣ ጀርባህን ለአጥር ስጥ።

2. ጎንበስ በል። የአዲስ አበባ ውሻ ጎንበስ ያለ ሰው ምን ሊያነሳ እንደሆነ ከእናቱ ሆድ ጀምሮ ያውቃል። የኮሪደር ልማቱ ከተሠራ ወዲህ መቼም መሃል ከተማ ላይ ድንጋይ ፈልጎ ማግኘት ዘበት ነው፣ ሁሉም ታይል ሆኗል። ደግነቱ ውሾቹ ይህን ገና አልሰሙም። እጅህን ወደ መሬት ስትሰድ አሥር እርምጃ ወደ ኋላ ይላሉ። ሰው ያየኝ እንደሆነ የጫማዬን ክር የማስር እመስላለሁ። ለማይበገረው ደግሞ የውሃ ኮዳህን አፍንጫው ላይ ጭመቅበት።

ይህ ሁሉ የማይሠራበት አንድ ውሻ ነበር። ስሙ ቡቺ ነው። ያን ጊዜ ስሙን አላውቅም።

3. የጭረት ትንሽ የለውም። ይህችን ቁጥር ረዘም አድርጌ ነው የምነግርህ፣ ዋጋ ስለከፈልኩባት።

ማክሰኞ ጠዋት ነው። ከቸርችል ወደ ውስጥ ገባ ከሚል መንገድ፣ ከአንድ ትልቅ ግቢ በር ሥር ነጭ ውሻ፣ አንድ ጆሮው ቡና ዓይነት፣ ድምፅ ሳያሰማ ብድግ አለ። የሚጮኸውን ለምጄዋለሁ፣ ዝም ብሎ የሚመጣውን ግን አላውቀውም ነበር። ፔዳሉን ረገጥኩ። ደረሰብኝ። ባቴን ያዘኝ። በዚያው እግሬ ልረግጠው ስወራጭ ሚዛኔን ሳትኩና ከነሳይክሌ ተዘረጋሁ። የፊቱ ጎማ ስምንት ቁጥር ሆነ። የእጄ አንጓ አበጠ። ውሻው የወደቀ ሰው ደስ አይለው መሰለኝ ጥሎኝ ሄደ።

አሁን የሠራሁትን ቂልነት ስማ። ሐኪም ቤት ሄድኩ፣ ለእጄ። ራጅ ተነሳሁ፣ «አልተሰበረም» ተባልኩ፣ ደስ ብሎኝ ወጣሁ። ባቴን አላሳየሁም፣ የጠየቀኝም የለም። ሁለት ቀይ ነጥብ ናት፣ ጭረት ናት ብዬ። ከዚያ በቀጥታ የሄድኩት ወዴት ይመስልሃል? ጎማውን ላስቀና። ለሳይክሌ አዝኜ ለራሴ አላዘንኩም። በሦስተኛው ቀን ባለቤቴ ሱሪዬ ላይ ሁለት ቀዳዳ አይታ «ይሄ ምንድን ነው?» አለችኝ። ነገርኳት። የጮኸችው ጩኸት አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። እናቴ ተደወለላት። እሷ ደግሞ በእሷ ጊዜ ሆድ ላይ በየቀኑ ይወጋ የነበረውን መርፌ እያነሳች ስታለቅስ አመሸች።

የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ መዳኛ የለውም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ከተነከስክ እዚያው ያገኘኸው ቧንቧ ላይ በሳሙና 15 ደቂቃ እጠብ። ሰዓት አይተህ 15፣ ሁለቴ አለቅልቀህ አይደለም። ከዚያ በዚያው ቀን ክትባት ጀምር። ጠበሉንም፣ የባህል መድኃኒቱንም ከፈለግክ ከክትባቱ ጋር አድርገው፣ በክትባቱ ፋንታ ግን አይሆንም።

እኔ በሦስተኛው ቀን ስሄድ የገጠመኝን ልንገርህ። ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ ቀና ሳትል «ውሻው ባለቤት አለው?» አለችኝ። አላውቅም አልኩ። «ሳያውቁ ነው እንዴ የመጡት?» አለች። እንግዲህ ውሻው መታወቂያ አላሳየኝም። ከአንዱ መስኮት ወደ ሌላው ላኩኝ። በመጨረሻ ክትባቱ አልቋል፣ ሌላ ቦታ ሞክሩ ተባልኩ። ሌላ ቦታ ያገኘኋት ነርስ ግን እግዜር ይስጣት። ቁስሉን እንደገና አሳጠበችኝ፣ ተቆጣችኝ፣ ወጋችኝ። ክንድ ላይ ነው፣ ሆድ ላይ አይደለም፣ አትፍራ። በመጀመሪያው ቀን፣ በ3ኛው፣ በ7ኛው፣ በ14ኛው፣ በ28ኛው። አንዷንም አላሳለፍኩም። ውሻውንም 10 ቀን ተከታተለው አለችኝ። 10 ቀን ጤነኛ ሆኖ ከቆየ ሲነክስህ በሽታውን የሚያስተላልፍ አልነበረም ማለት ነው። እስከዚያ ግን ክትባቱ አይቋረጥም።

እናልህ የነከሰኝን ውሻ ጤንነት ልጠይቅ በየቀኑ መሄድ ጀመርኩ። ማታ ከሥራ ስወጣ፣ በእግሬ፣ እጄ በፋሻ ታስሮ። በሩ ላይ ያለውን ዘበኛ «ጋሼ፣ እንደምን አመሹ፣ ውሻው ደኅና ነው?» እላለሁ። «ቡቺ? ደኅና ነው፣ እራቱን በልቷል» ይሉኛል። ታማሚ ጠያቂ ነው የመሰልኩት። በአምስተኛው ቀን ሻይ አስቀረቡልኝ። ቡቺ ድሮ የፈረሰ ሰፈር ውሻ ነው። ሰዎቹ ሲነሱ እሱ ቀረ። ጋሼ ትርፍራፊ ጣሉለት፣ በሩን የራሱ አደረገው። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባል የለ? ቡቺ ጩኸቱን ትቶ ንክሻውን ያዘ እንጂ ነገሩ ያው ነው።

የግቢው ጌታ ዘንድ ስሄድ «የኛ አይደለም፣ የሰፈር ውሻ ነው» አለኝ። ይህን ሲለኝ ቡቺ አንገቱ ላይ ማሰሪያ አድርጎ እግሩ ሥር ተኝቷል። ወረዳ ሄድኩ። አንዱ ሠራተኛ «ውሻ እንዴት አድርገን እንክሰስልህ?» ብሎ ሳቀብኝ፣ ጓደኞቹንም ጠርቶ አሳቀብኝ። ተናድጄ ቤቴ ገባሁና ሕጉን ፈልጌ አነበብኩት። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ አንቀጽ 2071። የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው፣ ሳያስበው አምልጦት ቢሆንም እንኳ። ኮፒ አድርጌ በማግስቱ ወሰድኩለት። አልሳቀም። የጻፈልኝም ነገር ግን የለም። አንተ ግን ባለቤቱ የታወቀ ውሻ ከነከሰህ አንቀጹን ያዝ፣ የሕክምና ደረሰኝህንም አትጣል። እኔ የመጀመሪያውን ደረሰኝ ጥዬ ነው የተበላሁት።

በ10ኛው ቀን ቡቺ ደኅና ነበር። ከጋሼ ጋር ተማክረን የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ወስደን አስከተብነው። የከፈልኩት እኔ ነኝ። አዎ፣ የነከሰኝን ውሻ። ባለቤቴ እስካሁን ለሰው ታወራዋለች።

4ኛው ይህ ነበር፣ በወሬ ተውጦ ቀረ እንጂ፦ ውሻውን ሳይሆን የሚያበላውን ሰው ተዋወቅ። በመንገድህ ላይ የሚያስቸግሩህ ቢበዛ ሦስት ቦታ ናቸው። አንዱ ሥጋ ቤት ነው፣ አንዱ ግንባታ ነው፣ አንዱ ዘበኛ ያለበት በር ነው። አንድ ቀን ያለ ሳይክል በእግርህ ሂድ፣ ሰላም በል፣ ውሻው ከሚያበላው ሰው ጋር ቆመህ ስታወራ ይይህ። ዳቦ ግን አትወርውርለት። እኔ ወርውሬ ለአንድ ሳምንት ዳቦ ፈልጎ አባረረኝ።

መንገድ ልቀይር ላልከው፣ አትቀይር። የምትቀይርበትም ሰፈር የራሱ ቡቺ አለው። ብቻህን መውጣት ከከበደህ፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ 12 ሰዓት ከሩብ ጉዳይ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ ነኝ። ቀይ ሄልሜት፣ የፊት ጎማው ትንሽ የሚወላገድ ሳይክል። አስተካክለነዋል ብለውኝ ነበር።