የእቁቡ ዝርዝር በፍተሻ ላይ ለምን ይዛባል?

ከኮዬ ፈጬ አንድ ወጣት እንዲህ ሲል ጽፎልኛል፦ «ጋሼ፣ ለሰፈራችን እቁብ በሶሊዲቲ ቋንቋ ስማርት ኮንትራት (ብሎክቼይን በሚባል የጋራ ዲጂታል መዝገብ ላይ የሚሠራ ፕሮግራም) እየሠራሁ ነው። ኮንትራቱን ብሎክቼይኑ ላይ የሚጭነው የፋውንድሪ (የኮንትራት መሥሪያና መፈተሻ መሣሪያ) ስክሪፕት የእያንዳንዱን አባል አድራሻና መዋጮ ይቀበላል። ኮዱ በትክክል መሥራቱን በማረጋግጥበት ፍተሻ ጊዜ ዝርዝሩን በኢንቫይሮመንት ቫሪያብል (ከፕሮግራሙ ውጪ በስም የሚቀመጥ እሴት) አቀብለዋለሁ። ፍተሻዎቹን ለየብቻ ሳስነሳቸው ያልፋሉ፤ አንድ ላይ ሲሆኑ አንዳንዴ ይወድቃሉ። ከጄሶን ፋይል (መረጃን በስምና በእሴት የሚይዝ የጽሑፍ ፋይል) ላንብብ ስል ደግሞ አድራሻዎቹ ተበላሹብኝ።»

ኮንትራትህን አትጠርጥር። ፋውንድሪ ፍተሻዎችን ጎን ለጎን ነው የሚያስኬደው፤ ኢንቫይሮመንት ቫሪያብል ደግሞ የሁሉም የጋራ ንብረት ነው። አንዱ ፍተሻ ያስቀመጠውን ዝርዝር ሳያነበው ሌላው ይተካበታል። ፍተሻ ውስጥ ቫሪያብል መለወጡን እርግፍ አድርገህ ተወው።

ስክሪፕቱን ለሁለት ክፈለው። ውጪኛው ፈንክሽን ያለ ግብዓት ተነስቶ ፋይሉን ያንብብና ውስጠኛውን ይጥራ፤ ውስጠኛው የተሞላ ስትራክት (የተለያዩ መረጃዎችን በአንድነት የሚይዝ ዓይነት) ተቀብሎ ኮንትራቱን ይፍጠር። ፍተሻህ ስክሪፕቱን እንደማንኛውም ኮንትራት ይፈጥረዋል፤ ስትራክቱንም እዚያው በሶሊዲቲ ሞልቶ በቀጥታ ለውስጠኛው ይሰጠዋል። የግብዓቱ ዓይነት ቢሳሳት ኮምፓይለሩ (ኮዱን የሚተረጉመው ፕሮግራም) ያስቆምሃል። ታዲያ በዚህ መንገድ ሲጠራ ኮንትራቱን የሚፈጥረው ስክሪፕቱ ራሱ ስለሆነ የእቁቡን ዳኛ አድራሻ ከላኪው (ጥሪውን ካደረገው አድራሻ) አትውሰድ፤ በስትራክቱ ውስጥ ለብቻው አስገባው። ኮንትራቱን ወደ ብሎክቼይኑ የሚልከው የብሮድካስት ትእዛዝም ቦታው ውጪኛው ፈንክሽን ነው። ፍተሻህ ሌላ ላኪ መስሎ እየጠራ ሳለ ብሮድካስት ቢጀመር ፋውንድሪ እምቢ ይላል።

የጄሶኑ ነገር የባሰ ተንኮለኛ ነው። የስትራክትህን ዓይነት ካልነገርከው ፋውንድሪ የጄሶኑን ስሞች በፊደል ተራ ሊደረድራቸው ይችላል፤ በፋይሉ ውስጥ የጻፍክበት ቅደም ተከተል አይረዳህም። አንተ ስትራክቱን በ«ዋሌት» (አድራሻው) ጀምረህ «አማውንት»ን (መዋጮውን) አስከትለሃል፤ በላቲን ፊደል ግን ኤይ ከደብሊው ይቀድማል። ስለዚህ 5,000 ብር የነበረው መዋጮ በአድራሻው ቦታ ይገባል፤ 5,000 አድራሻ በሚጻፍበት በአሥራ ስድስት ቤት ሲጻፍ 1388 ነውና፣ ዜሮ ብቻ ሆኖ በ1388 የሚያልቅ አድራሻ ካየህ ጉዱ ይኸው ነው። አድራሻው ደግሞ መዋጮ ሆኖ ማንም ነጋዴ የማይችለው ቁጥር ይወጣዋል። ሁለቱም በተለዋወጡበት ቦታ በመጠን ስለሚበቁ አንድም የስህተት መልእክት አይመጣም!

መድኃኒቱ በስትራክቱ ውስጥ «አማውንት»ን ማስቀደም፣ ወይም የዓይነቱን መግለጫ አብሮ የሚቀበለውን የንባብ ፈንክሽን መጠቀም ነው። ከዚያ እውነተኛውን ፋይል የሚያነብ አንድ ፍተሻ ብቻ ጻፍና የመጨረሻውን አባል አድራሻና መዋጮ አስተያይ። በፋውንድሪ ማዋቀሪያ ፋይል ውስጥ የጄሶን ፋይሉ ላለበት ማህደር የማንበብ ፈቃድ መስጠትን አትርሳ።