ለቤተሰብ የሚሆን ዴስክቶፕ እናስገጣጥም ላላችሁ፦ ከወሎ የመጡ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ለቤተሰብ የሚሆን ኮምፒውተር ዕቃ በዕቃ መርጦ ስለማስገጣጠም ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ከደሴ፣ ከኮምቦልቻ፣ ከሐይቅ፣ ከመርሳ፣ ከወልዲያ፣ ከቆቦም ጥያቄ መጣ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ። ዋጋ የጠየቃችሁኝ አትቀየሙኝ፤ ዛሬ የምጽፈው ዋጋ ለሳምንት አይቆይም። ገንዘቡን በየትኛው ዕቃ ላይ ማጥበቅ፣ በየትኛው ላይ ማላላት እንዳለባችሁ ግን እነግራችኋለሁ።

ጥያቄ ከደሴ፦ ሦስት ልጆች አሉኝ። ትልቋ 12ኛ ክፍል ናት። ባለቤቴ ደግሞ ማታ ማታ ሒሳብ ይሠራል። አምስት ስድስት ዓመት የማያስቸግር ኮምፒውተር ነው የምፈልገው። ከምን ልጀምር?

እህቴ፣ ከግድግዳው ጀምሪ። ሶኬቱን ማለቴ ነው። ሰው ሁሉ ሱቅ ገብቶ መጀመሪያ የሚጠይቀው "ኮር አይ ስንት ነው?" ብሎ ነው። ለጥገና ከሚመጡልኝ መካከል ግን ፕሮሰሰሩ (ኮር አይ3፣ አይ7 የሚባለው ዋናው አስሊ ቺፕ) ተበላሽቶ የመጣ ብርቅ ነው። የሚቃጠለው ፓወር ሰፕላዩ (የግድግዳውን መብራት ለዕቃዎቹ በሚመች ቮልቴጅ የሚያከፋፍለው ሳጥን) ነው፤ አንዳንዴ ማዘርቦርዱንም (ዕቃዎቹ ሁሉ የሚሰኩበትን ሰሌዳ) ይዞት ይሄዳል። ቀጥሎ የሚሞተው ሃርድ ዲስክ ነው። ከጀርባ ያለው ጥፋተኛ ብዙውን ጊዜ መብራት ነው። መጥፋቱ ብቻ አይደለም፤ ሲመጣ የሚመጣበት ኃይልም ነው።

ስለዚህ ገንዘብሽን መጀመሪያ ለዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን በባትሪ ለጥቂት ደቂቃ የሚያቆይ ዕቃ) እና ለፓወር ሰፕላይ መድቢ። ከዚያ ለኤስኤስዲ (ሃርድ ዲስክን የሚተካ ፈጣን የፋይል ማከማቻ)፣ ከዚያ ለራም (የተከፈተውን ሥራ ለጊዜው የሚይዝ ማስታወሻ)። ፕሮሰሰሩ በተረፈው ይገዛል። ለትምህርት፣ ለኤክሴልና ለቪዲዮ የዛሬ ዝቅተኛው ፕሮሰሰር ከበቂ በላይ ነው።

ሁለተኛው መለኪያዬ ዕቃው ሲበላሽ ምትኩ ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ውስጥ ይገኛል ወይ የሚለው ነው። አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለአንድ ፓወር ሰፕላይ ሰው እየላኩ ሁለት ሳምንት መጠበቅ አያዋጣም። ፒያሳ ያሉትን ሱቆች ዙሪና የትኛው ዓይነት በብዛት እንዳለ እይ። ብርቅዬ ዕቃ አትግዢ።

ጥያቄ ከኮምቦልቻ፦ ከኬዙ (ከቀፎው) ጋር አብሮ የመጣ ፓወር ሰፕላይ አለ፣ 500 ዋት ይላል። ይበቃል አይደል?

ከኬዝ ጋር "በነፃ" የመጣ ፓወር ሰፕላይ ላይ እምነት የለኝም። ጎኑ ላይ የተለጠፈውን ሰንጠረዥ አንብብ። 12 ቮልት በሚለው ሥር ስንት አምፔር እንደተጻፈ እይና በ12 አባዛው። 18 አምፔር ከሆነ 216 ዋት ነው። ፕሮሰሰሩም ግራፊክስ ካርዱም (ለሞኒተሩ ምስል የሚያወጣው ካርድ) የሚጠቀሙት ከዚህ መስመር ስለሆነ፣ በትልቁ የተጻፈው 500 ለጌጥ ነው ማለት ነው።

የሚገርመው 216 ዋት ራሱ ለቤተሰብ ኮምፒውተር አያንስም። ግራፊክስ ካርድ የሌለው ኮምፒውተር ሥራ ሲበዛበት እንኳ 100 ዋት አካባቢ ነው የሚጠቀመው። ጭንቀቴ ሌላ ነው። ርካሹ ፓወር ሰፕላይ ውስጡ መከላከያ የለውም። ቮልቴጅ ሲያሻቅብ ወይም ሾርት ሲፈጠር ራሱን ማጥፋት ሲገባው የመጣውን ወደ ማዘርቦርድ ያሳልፋል።

ከ400 እስከ 550 ዋት የሆነ፣ ስም ያለው ግዛ። ኮርሴር፣ ሲሶኒክ፣ ኩለር ማስተር ጥሩ ጥሩ ሞዴል አላቸው። 80 ፕላስ የሚለው ምልክት እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ያለ ነው፤ የሚመሰክረው ኤሌክትሪክ እንደማያባክን እንጂ እንደማይቃጠል አይደለም። ቢሆንም ምልክቱ ካለው የሌለውን አትምረጥ። በእጅህ መዝነውም፤ በጣም የቀለለ ከሆነ ውስጡ ባዶ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ከኋላው 115 እና 230 የሚል ቀይ ማብሪያ ካለው 230 ላይ መሆኑን ሳታይ እንዳትሰካው። የእኛ መብራት 220 ቮልት ነው። 115 ላይ ሆኖ ከተሰካ "ቧ!" ይላል፣ አለቀ።

ጥያቄ ከኮምቦልቻ፦ ስታቢላይዘር አለኝ። ዩፒኤስ ለምን ያስፈልገኛል?

ስታቢላይዘር ቮልቴጁ ዝቅ ከፍ ሲል ያስተካክላል። መብራት ከጠፋ ግን እሱም አብሮ ይጠፋል። ኮምፒውተሩ እየጻፈ እያለ ድንገት ከተቋረጠ ፋይል ይበላሻል፣ ዊንዶውሱም አልነሳም ሊል ይችላል። ዩፒኤስ አስቀምጠህ በሰላም እስክትዘጋ ጊዜ ይሰጥሃል።

ለቤት 650 ቪኤ የሆነ በቂ ነው። ቪኤና ዋት ግን አንድ አይደሉም፤ 650 ቪኤ የሚለው ብዙውን ጊዜ 360 ዋት ገደማ ነው የሚችለው። ባትሪው አዲስ ሲሆን ኮምፒውተርና ሞኒተርን ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ያቆያል። ፊልም ልጨርስበት ካልክ አይሆንም። ላይን ኢንተራክቲቭ የሚባለውን ዓይነት ምረጥ፤ ስታቢላይዘሩን በውስጡ ይዟል። ስታቢላይዘርህን ለፍሪጁ ስጠው።

ሰው የሚረሳው ባትሪውን ነው። ዕድሜው ከሁለት እስከ አራት ዓመት ነው። ካለቀ በኋላ ዩፒኤሱ መብራት እያለ ደህና ይመስላል፤ ሲጠፋ አብሮ ድርግም ይላል። ያኔ ዩፒኤሱን አትጣለው። 12 ቮልት 7 አምፔር ሰዓት የሚለውን ባትሪ ብቻ ቀይር። ሌዘር ፕሪንተርና ካውያ ዩፒኤስ ላይ አይሰካም።

የእንጀራ ምጣድ ደግሞ ብቻውን ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይስባል። ምጣዱ ሲሰካ አምፖሉ ደከም የሚልበት ቤት ብዙ ነው። ኮምፒውተሩን ከምጣዱ ጋር በአንድ መስመር አታድርጉት። ኤሌክትሪሺያን ጠርታችሁ የተለየ መስመር ማስዘርጋት ካልቻላችሁ፣ ቢያንስ በመጋገሪያ ቀን አጥፍታችሁ ንቀሉት።

ጥያቄ ከወልዲያ፦ ኬዙን በባዶ እግሬ ሆኜ ስነካው ይነዝረኛል። ልሽጠው?

አትሽጠው፤ ገዢውንም ይነዝረዋል። ችግሩ ያለው ቤትህ ላይ ነው። ፓወር ሰፕላይ ውስጥ የኤሌክትሪክ ረብሻ የሚያጣሩ ትንንሽ ካፓሲተሮች አሉ። እነሱ ጥቂት ኤሌክትሪክ ወደ ኬዙ ያፈሳሉ፤ በኧርዝ መስመር ወደ መሬት መውረድ ነበረበት። ኧርዝ ከሌለ ኬዙ ላይ ይቀራል፣ አንተ ስትነካው በአንተ በኩል ይወርዳል። ብዙ ጊዜ መጠኑ ትንሽ ነው። ግን ፍላሽና ሞኒተር ሲሰካ የዩኤስቢና የኤችዲኤምአይ ቀዳዳዎችን እስከማቃጠል ይደርሳል። ነዘራው ጠንከር ካለ ደግሞ መስመሩ ሌላ ብልሽት አለው ማለት ነው፤ ነቅለህ አስመርምረው።

በሁለት እግር ማከፋፈያ መሰካት ወይም የኬብሉን ሦስተኛ እግር መቁረጥ ይቅር። ለግቢው ኧርዝ አስቀብር። ዩፒኤስም ቢሆን ኧርዝን አይተካም።

ጥያቄ ከደሴ፦ ሻጩ "ኮር አይ7 ነው፣ ከአይ3 ይበልጣል" ይለኛል። እውነት ነው?

ጄኔሬሽኑን (ስንተኛ ትውልድ እንደሆነ) ጠይቀው። አይ7-2600 እ.ኤ.አ. የ2011 ዕቃ ነው። የ2022ቱ አይ3-12100 እንደሱ አራት ኮር (ራሱን የቻለ የማስሊያ ክፍል) እና ስምንት ትሬድ (በአንዴ የሚያካሂደው የሥራ መስመር) አለው፤ አንዱ ኮር ግን በፍጥነት እጥፍ ገደማ ይበልጠዋል፣ መብራትም ይቆጥባል። ዊንዶውስ 10 የተለመደው ነፃ ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 በደንቡ የሚቀበለው ከኢንቴል 8ኛ ጄኔሬሽን፣ ከኤኤምዲ ደግሞ ራይዘን 2000 ጀምሮ ነው። ቲፒኤም 2.0 የሚባለውን የደህንነት ክፍልም ይፈልጋል። ከዚያ በታች ያለውን ለቤተሰብ ብዬ አልገዛም፣ ስሙ አይ7ም ቢሆን።

ለአዲስ ግጥም አይ3-12100 ወይም ራይዘን 5 5600ጂ እመርጣለሁ። ሁለቱም ግራፊክሳቸውን በውስጣቸው ይዘዋል። የኢንቴሉ ስም መጨረሻ ላይ "ኤፍ" ካለ ግን ግራፊክስ የለውም፤ ያለ ካርድ ሞኒተሩ ጨለማ ነው። ርካሽ ነው ብለው የሚሸጡላችሁ ብዙ ጊዜ እሱን ነው።

ጥያቄ ከሐይቅ፦ መምህር ነኝ፣ አቅሜ ውስን ነው። ያገለገለ የቢሮ ኮምፒውተር ይሻለኛል ወይስ አዲስ ርካሽ?

መምህር፣ በዚህ ላይ የሚከራከሩኝ አሉ፤ እኔ ግን ያገለገለው ይሻልዎታል ባይ ነኝ። ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7060፣ ኤችፒ ኤሊትዴስክ 800 ጂ4፣ ሌኖቮ ቲንክሴንተር ኤም720 ሁሉም 8ኛ ጄኔሬሽን ይቀበላሉ። ለቢሮ ቀኑን ሙሉ እንዲሠሩ ተደርገው የተሠሩ ናቸው። ፓወር ሰፕላያቸውም ገበያ ላይ በርካሽ ከሚሸጠው አዲስ ይሻላል።

አንድ እንከን አላቸው። የፓወር ሰፕላያቸው መሰኪያ የራሳቸው ነው፣ ተራው አይገጥምም። ስለዚህ ሲገዙ የዚያው ሞዴል መለዋወጫ ከተማ ውስጥ መኖሩን ያረጋግጡ። ትልቁን ኬዝ ይምረጡ፤ ጠፍጣፋው ለጥገናም ለመጨመርም አይመችም። ሃርድ ዲስኩን አውጥተው አዲስ ኤስኤስዲ ያስገቡ፣ ቴርማል ፔስቱን (ሙቀት ከፕሮሰሰሩ ወደ ማቀዝቀዣው የሚያስተላልፈውን ቅባት) ያስቀይሩ። ከዚያ ለትምህርት ዝግጅት ለዓመታት ያገለግልዎታል።

ጥያቄ ከመርሳ፦ ራም ስንት?

16 ጂቢ፣ ሁለት ባለ 8። ሁለት ሲሆን ፕሮሰሰሩ በሁለት መንገድ ያነባል፤ በተለይ ግራፊክሱ ውስጡ ላለ ልዩነቱ ይታያል። ዲዲአር 4 እና ዲዲአር 5 የሚባሉት የራም ዓይነቶች አይገጣጠሙም፣ ማዘርቦርዱ የትኛውን እንደሚቀበል መጀመሪያ እይ። አቅም ካነሰ አንድ 8 ግዛ፣ አንዱን ቀዳዳ ለኋላ ተወው።

ጥያቄ ከደሴ፦ በጣም ርካሽ ባለ 2 ቴራ ኤስኤስዲ አገኘሁ። ልግዛው?

ዋጋው ከሌላው ግማሽ በታች ከሆነ ፎርጅድ ነው። ውስጡ ትንሽ ፍላሽ ይሆንና ኮምፒውተሩ 2 ቴራ ብሎ እንዲያነበው ተደርጎ ይሸጣል። እየጫንክ ትሄዳለህ፣ ከመጠኑ ሲያልፍ የቀደመውን ይደመስሰዋል። ኤች2ቴስትደብልዩ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፤ ጽፎ መልሶ በማንበብ እውነተኛ መጠኑን ያወጣል። ያገለገለ ከሆነ ደግሞ በክሪስታል ዲስክ ኢንፎ ጤንነቱን እይ።

500 ጂቢ ለቤተሰብ ይበቃል። ሳታ የሚባለው የቆየው ዓይነት ኤስኤስዲ በሰከንድ 550 ሜጋባይት ገደማ ያነባል፣ ኤንቪኤምኢ የሚባለው አዲሱ ዓይነት ከ3,000 በላይ። በወረቀት ልዩነቱ ሰፊ ነው፤ ዎርድ ለሚከፍት ሰው ግን ብዙም አይታወቅም። ከሃርድ ዲስክ ወደ የትኛውም ኤስኤስዲ መሻገር ነው ትልቁ ነገር።

የሠርግና የልጆች ፎቶ ግን ኤስኤስዲው ላይ ብቻ አይቀመጥ። ኤስኤስዲ ሲሞት ብዙ ጊዜ ሳያስጠነቅቅ ነው። ሌላ ዲስክ ላይ ገልብጡና ነቅላችሁ ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀምጡት።

ጥያቄ ከደሴ፦ አገራችን ብርድ ነው፣ ተጨማሪ ፋን ምን ያደርጋል? ከቆቦስ ለምንጠይቀው?

ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ቢቀዘቅዝም ስስ ነው፤ ከባሕር ወለል ሲነጻጸር ጥግግቱ አንድ አምስተኛ ያህል ይቀንሳል። ፋኑ በተመሳሳይ ፍጥነት እየዞረ የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። ብርዱ ይክሰዋል፣ ስለዚህ ከፊት አንድ፣ ከኋላ አንድ ፋን ይበቃል። ሙቀት ለበዛባቸው ለቆቦና ለባቲ ግን ከፊት ሁለት አድርጉ።

ከፍታው ሃርድ ዲስክንም ይነካል። የሚያነበው ጫፍ ሳህኑን ሳይነካ የሚንሳፈፈው በአየር ላይ ነው። ብዙዎቹ እስከ 3,048 ሜትር እንዲሠሩ ነው የተፈቀደላቸው። እንደ ጉጉፍቱ ባለ ከፍተኛ ቦታ አካባቢ ያላችሁ በኤስኤስዲ ብቻ ሂዱ።

አቧራውን ሁሉም ያውቀዋል፤ የማይነገረው የእጣኑ ጭስ ነው። ቡና የሚፈላው ሳሎን ነው፣ ኮምፒውተሩም ሳሎን ነው። ጭሱ ፋኑ ላይ ሙጫ ይሆንና አቧራውን ያጣብቀዋል። በንፋስ ብቻ አይለቅም። ቡናውንማ ተዉ አልልም፣ ወሎ ተቀምጬ ማን ይሰማኛል! ኮምፒውተሩን ከረከቦቱ ራቅ አድርጉ፣ መሬት ላይም አታስቀምጡት።

ጥያቄ ከወልዲያ፦ ልጄ ለጌም ግራፊክስ ካርድ ይጨመርልኝ ይላል።

አብሽሪ፣ አሁን አትግዢ። ራይዘን 5 5600ጂ ቀለል ያለውን ጌም ያጫውተዋል። ፓወር ሰፕላዩን 550 ዋት ብታደርጊው ማትሪክ ሲያልፍ ይጨመርለታል።

ጥያቄ ከኮምቦልቻ፦ ኮምፒውተሬ በተነቀለ ቁጥር ቀኑ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ኢንተርኔቱም "ደህንነቱ አልተረጋገጠም" ይላል። ማዘርቦርዱ ሞተ?

አልሞተም። ሲአር 2032 የምትባለው ክብ ባትሪ አልቃለች። ቀኑ ሲሳሳት ድረ ገጾቹ የደህንነት ማረጋገጫቸው ጊዜው የተዛባ ይመስላል፣ ለዚህ ነው የማይከፍቱት። ባትሪዋን ቀይር፣ ቀኑን አስተካክል።

ጥያቄ ከሐይቅ፦ ተገጣጥሞ ስረከብ ምን ብዬ ልፈትሽ?

ሱቅ ውስጥ እያለ አስከፍተህ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት አሠራው፤ ቪዲዮ ክፈት፣ ዩኤስቢዎቹን ሁሉ ሞክር። ዊንዶውሱ የሚያሳየው የፕሮሰሰር ስምና የራም መጠን ደረሰኙ ላይ ካለው ጋር ይመሳሰል። ዩፒኤሱን አብረህ ከገዛህ ኮምፒውተሩ እየሠራ ከግድግዳ ንቀለው፤ መቀጠል አለበት። ቤት ስትደርስ ሜምቴስት86 የሚባለውን በፍላሽ ጭነህ ሌሊቱን ሙሉ ራሙን አስፈትሸው። አንድ ስህተት እንኳ ካወጣ ይቀየርልህ። ዋስትናው የወራት ብዛቱ ብቻ ሳይሆን የየዕቃው መለያ ቁጥር ደረሰኙ ላይ ይጻፍ። ሻጩ እነዚህን ካላስሞከረህ ሳትከፍል ውጣ።