ጥያቄና መልስ፦ ኤሚሊ ብሮንቴ፣ ግጥሟ፣ ገንዘቧና ልብ ወለዷ

በዚህ ዙር የደረሱን ጥያቄዎች በሙሉ ስለ አንዲት ሴት ናቸው፤ ስለ እንግሊዛዊቷ ደራሲና ገጣሚ ኤሚሊ ብሮንቴ። ጁላይ 30 ቀን 1818 ቶርንተን በተባለች የዮርክሻየር መንደር ተወለደች። ከ1820 ጀምሮ አባቷ ቄስ ፓትሪክ ብሮንቴ ባገለገሉባት በሃዎርዝ ኖረች፤ ዲሴምበር 19 ቀን 1848 እዚያው በ30 ዓመቷ አረፈች። ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። የታተመላት ልብ ወለድ «ዉዘሪንግ ሃይትስ» ብቻ ነው፤ ግጥሟ ግን ወደ 200 ይደርሳል። ስለ እሷ የሚነገረው አብዛኛው ነገር ታላቅ እህቷ ሻርሎት ከእሷ ሞት በኋላ ከጻፈችው የተቀዳ ስለሆነ፣ የቱን ማን መቼ እንደጻፈው መለየት ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ ኤሚሊ ከሰው የራቀች፣ የዓለምን ነገር የማታውቅ ሴት ነበረች ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ ከቤት መውጣት አለመውደዷ እውነት ነው። በ1835 ሮ ሄድ ወደሚባለው ትምህርት ቤት ሄዳ ሦስት ወር ያህል ብቻ ቆየች። ከ1838 መጸው ጀምሮ በሃሊፋክስ አጠገብ ሎው ሂል በሚባል ትምህርት ቤት ስታስተምር ከስድስት ወር ብዙም አልዘለቀችም። በ1842 ከሻርሎት ጋር ፈረንሳይኛ ለመማር ብራስልስ ሄደች፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ አክስታቸው ኤልሳቤጥ ብራንዌል ሲሞቱ ተመለሰች፤ ከዚያ በኋላም ቤቱን ይዛ ቀረች። እንጀራ ፈላጊ አስተማሪ መሆኑ አልሆነላትም እንጂ ሥራ አልፈራችም፤ ዳቦ ስታቦካ የጀርመንኛ መጽሐፏን ከፊቷ አቁማ ታጠና ነበር።

«የዓለምን ነገር አታውቅም» የሚለውን ግን አልቀበልም። አክስቲቱ ለእያንዳንዷ እህት 300 ፓውንድ ያህል አውርሰዋል። ገንዘቡ በዮርክና ኖርዝ ሚድላንድ የባቡር ኩባንያ አክሲዮን ላይ ዋለ፤ የሦስቱንም ድርሻ የምትከታተለው ኤሚሊ ነበረች። ሻርሎት በኤፕሪል 1845 ለቀድሞ መምህርቷ በጻፈችው ደብዳቤ፣ ኤሚሊ በጋዜጣ ላይ ስለ ባቡር የወጣውን እያንዳንዱን አንቀጽና ማስታወቂያ እያነበበች ጉዳዩን እንደተካነችበት ትገልጻለች። በ1846 መጀመሪያ ሻርሎት «እንሽጥ» ስትል ሁለቱ እህቶቿ እምቢ አሉ። የአክሲዮኑ ዋጋ ክፉኛ የወደቀው ኤሚሊ ካረፈች በኋላ ነው። ይህችው ሻርሎት በ1850 ስለ እህቷ ስትጽፍ፣ በኤሚሊና በዓለም መካከል አስተርጓሚ መቆም ነበረበት አለች። እኔ ሁለቱ ቢጋጩብኝ ኤሚሊ በሕይወት ሳለች የተጻፈውን ደብዳቤ አስቀድማለሁ።

ጥያቄ፦ የግጥም መጽሐፋቸው ሁለት ቅጂ ብቻ ተሸጠ የሚባለው ማጋነን አይደለም?

መልስ፦ አይደለም፤ በመጀመሪያው ዓመት የተሸጠው ሁለት ነው። ነገሩ እንዲህ ነው፦ በ1845 መጸው ሻርሎት የኤሚሊን የግጥም ደብተር ሳታስፈቅድ አነበበች። ኤሚሊ በጣም ተቆጣች፤ ለማሳመንም ቀናት ወሰደ። ከዚያ ሦስቱ እህቶች ከርር፣ ኤሊስና አክተን ቤል በሚሉ የብዕር ስሞች ለማሳተም ተስማሙ። በእንግሊዝኛ ሲጻፉ የስሞቹ የመጀመሪያ ፊደላት የየራሳቸው ናቸው፤ ኤሊስ ኤሚሊ ናት። ሴት መሆናቸው ቢታወቅ ሃያስያን ሥራውን ትተው ጾታቸውን እንደሚመዝኑ ገምተው ነበር።

ኤይሎት ኤንድ ጆንስ የተባለው አሳታሚ ወጪውን ከደራሲዎቹ ነበር የተቀበለው። የመጀመሪያው ክፍያ 31 ፓውንድ ከ10 ሽልንግ ነው። ሻርሎት በሰው ቤት የልጆች አስተማሪ ሆና በዓመት የምታገኘው 20 ፓውንድ ነበር፤ የልብስ ማጠቢያ 4 ፓውንድ ተቀንሶ 16 ይደርሳታል። የሁለት ዓመት ደመወዟን የሚያህል ገንዘብ ነው የወጣው። መጽሐፉ በሜይ 1846 ሲወጣ የሻርሎት 19፣ የኤሚሊ 21፣ የታናሻቸው የአን 21 ግጥሞች ነበሩበት።

ጥያቄ፦ «ዉዘሪንግ ሃይትስ» ሲታተም ምን ተከፈላት? ሁለተኛ ልብ ወለድ ጽፋ ነበር የሚባለውስ?

መልስ፦ መከፈሉ ቀርቶ እሷው ከፍላለች። ቶማስ ኮትሊ ኒውቢ የተባለው የለንደን አሳታሚ የኤሚሊንና የአንን ልብ ወለዶች በአንድ ላይ ለማውጣት 50 ፓውንድ በቅድሚያ ጠየቀ፤ ሽያጩ ወጪውን ሲሸፍን ሊመልስ። ሻርሎት በኋላ እንደጻፈችው 350 ቅጂ ሊያትም ተስማምቶ ያተምኩት 250 ነው አለ፤ ገንዘቡንም አልመለሰም። መጽሐፉ በዲሴምበር 1847 በሦስት ቅጽ ወጣ፤ ሁለቱ «ዉዘሪንግ ሃይትስ»፣ ሦስተኛው የአን «አግነስ ግሬይ»። እህቶቹ በማረሚያው ወረቀት ላይ ያስተካከሉት የፊደልና የሥርዓተ ነጥብ ስሕተት እንዳለ ታትሞ ወጣ።

ሁለተኛውን በተመለከተ፣ ኒውቢ በፌብሩዋሪ 1848 ስለ ቀጣዩ ልብ ወለድ የጻፈው ደብዳቤ ከኤሚሊ የጽሕፈት ሳጥን ውስጥ ተገኝቷል። እንዳትቸኩል ይመክራታል። የእጅ ጽሑፉ ግን የለም።

ጥያቄ፦ ልብ ወለዱን ሁለት ጊዜ ጀምሬ ስሞቹ እየተምታቱብኝ ተውኩት። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ችግሩ የእርስዎ አይደለም። ካትሪን የሚባሉ እናትና ልጅ አሉ፤ ሊንተን በአንድ በኩል የቤተሰብ ስም፣ በሌላ በኩል የአንድ ልጅ መጠሪያ ነው፤ ሂዝክሊፍ ደግሞ ለራሱም ለቤተሰቡም ያለው ስም አንድ ብቻ ነው።

ታሪኩ የሁለት ቤቶች ነው፤ አንድ ወረቀት ወስደው ለሁለት ይክፈሉ። በግራ «ዉዘሪንግ ሃይትስ» ብለው የኧርንሾን ቤተሰብ ይጻፉ፦ ሂንድሊና ታናሽ እህቱ ካትሪን፣ ከሥራቸውም አባትየው ከሊቨርፑል ያመጡት ሂዝክሊፍ። በቀኝ «ትረሽክሮስ ግሬንጅ» ብለው የሊንተንን ቤተሰብ፦ ኤድጋርና እህቱ ኢዛቤላ። ሦስት ጋብቻ በመስመር ያገናኙ። ካትሪን ኤድጋርን አግብታ ትንሿን ካቲን ወለደች፤ ኢዛቤላ ሂዝክሊፍን አግብታ ሊንተንን ወለደች፤ ሂንድሊ ከውጭ ያመጣት ሚስቱ ሄርተንን ወለደች። የሁለተኛው ትውልድ ልጆች እነዚህ ሦስቱ ብቻ ናቸው።

ቀጥሎ ጊዜውን ያስተካክሉ። ምዕራፍ 1 እስከ 3 በ1801 የሚሆን ነው፤ ተራኪው ቤት ተከራዩ ሎክዉድ ነው። ከምዕራፍ 4 ጀምሮ ሠራተኛዋ ኔሊ ዲን ወደ ኋላ ሠላሳ ዓመት ያህል ተመልሳ ትተርካለች። ምዕራፍ 16 ላይ እናትየው ካትሪን ትሞታለች፤ ብዙ አንባቢ መጽሐፉ ያለቀ መስሎት የሚተወው እዚህ ነው፤ ገና ግማሹ ነው። ምዕራፍ 32 ላይ 1802 ይሆናል።

ምዕራፍ 3 ላይ ሲደርሱ ቀስ ይበሉ። ሎክዉድ ባደረበት አልጋ አጠገብ፣ በመስኮቱ ደፍ ቀለም ላይ ሦስት ስሞች ተጭረዋል፦ ካትሪን ኧርንሾ፣ ካትሪን ሂዝክሊፍ፣ ካትሪን ሊንተን። እናትየው ከኧርንሾ ተነሥታ ወደ ሊንተን ሄደች። ልጅቷ ከሊንተን ተነሥታ፣ የሂዝክሊፍን ልጅ አግብታ በሂዝክሊፍ አልፋ፣ ሄርተንን ስታገባ ኧርንሾ ልትሆን ነው። ኤሚሊ ያልተጀመረውን ታሪክ በሙሉ እዚያ ደፍ ላይ ጭራዋለች።

ጥያቄ፦ ሂዝክሊፍ ሁለቱን ርስቶች በምን መብት ወሰደ? ጉልበት ነው ወይስ ሕግ?

መልስ፦ አብዛኛውን የሰጠው ሕጉ ነው፤ ይህ ሲገባ መጽሐፉ ይበልጥ ያስፈራል።

ዉዘሪንግ ሃይትስን ያገኘው በመያዣ ነው። ሂንድሊ ሚስቱ ከሞተች በኋላ በመጠጥና በቁማር ሲሰምጥ ገንዘቡን የሚያበድረው ሂዝክሊፍ ነበር፤ መሬቱን አንድ ክንድ ሳይቀር በመያዣ ያዘበት። ሂንድሊ ሲሞት ባለ ዕዳው ልጁ ሄርተን በገዛ አባቱ ቤት አሽከር ሆኖ ቀረ።

ግሬንጅ ውስብስብ ነው። የኤድጋር አባት በተናዘዙት መሠረት ርስቱ ኤድጋር ወንድ ልጅ ካላገኘ ወደ ኢዛቤላ፣ ከእሷም ወደ ልጇ ያልፋል። ኤድጋር የወለደው ሴት ነበር። ስለዚህ ሂዝክሊፍ ከኢዛቤላ የወለደው በሽተኛው ሊንተን የግሬንጅ ወራሽ ሆነ። ሂዝክሊፍ ካቲን ቆልፎባት ከሊንተን ጋር ያጋባት ለምንድን ነው ታዲያ? ለመሬቱ ጋብቻ አያስፈልገውም ነበር፤ ለተንቀሳቃሹ ሀብት ግን ያስፈልገዋል። በዘመኑ ሕግ ሚስት የያዘችው ገንዘብና ንብረት በጋብቻው ወደ ባሏ ይዞራል። ሊንተን ደግሞ ተንቀሳቃሹን ሁሉ ለአባቱ ተናዘዘ። ለአካለ መጠን ስላልደረሰ ስለ መሬቱ መናዘዝ አልቻለም፤ መሬቱን ሂዝክሊፍ በሚስቱና በራሱ ስም ይዞ አስቀረው። ኔሊም «በሕግ ይመስለኛል» ትልና ካቲ ገንዘብም ወዳጅም ስለሌላት ልትከራከረው እንደማትችል ትጨምራለች።

ቀዳዳው የሚታየው ምዕራፍ 28 ላይ ነው። ኤድጋር ሊሞት ሲል የካቲን ገንዘብ በባለ አደራዎች እጅ ለማስቀመጥ ኑዛዜውን ለመለወጥ ጠበቃውን ግሪንን አስጠራ። ግሪን በሂዝክሊፍ ተገዝቶ ነበርና ዘገየ፤ የመጣው ኤድጋር ከሞተ በኋላ ነው። ያ ፊርማ ቢፈረም ኖሮ ገንዘቡ ይድን ነበር። ያገባች ሴት የራሷን ንብረት በስሟ እንድትይዝ በሙሉ የፈቀደው የእንግሊዝ ሕግ የወጣው በ1882 ነው።

ጥያቄ፦ ሐኪም እምቢ ባትል ኖሮ ትድን ነበር?

መልስ፦ አትድንም ነበር። ሕመሟ የሳንባ ነቀርሳ ነው፤ በሽታውን የሚገድለው የመጀመሪያ መድኃኒት ስትሬፕቶማይሲን የተገኘው በ1940ዎቹ ነው። ወንድሟ ብራንዌል ሴፕቴምበር 24 ቀን 1848 ሞተ፤ እሷ ሦስት ወር ሳይሞላ ተከተለችው። ታናሿ አን የሐኪም ምክር ሰምታ የዓሣ ጉበት ዘይት እየጠጣች ሁሉን ሞክራለች፤ ሜይ 28 ቀን 1849 በስካርብራ ሞተች። ሁለቱ ታላላቆች ማሪያና ኤልሳቤጥም በ1825 በዚሁ በሽታ አልቀዋል።

በብራንዌል ቀብር ላይ ብርድ መታት የሚባለው በሽታውን አያመጣም። የሃዎርዝ ውኃ መበከሉም እንዲሁ፤ ነቀርሳ የሚተላለፈው በትንፋሽ ነው። ውኃው ግን በሌላ መንገድ ገዳይ ነበር። ቄስ ፓትሪክ ለጤና ቦርድ አቤት ብለው ቤንጃሚን ሄርሸል ባቤጅ በ1850 ባወጣው ሪፖርት፣ የከተማይቱ ነዋሪዎች አማካይ የሞት ዕድሜ 25.8 ዓመት ሲሆን ከሟቾቹ 41.6 በመቶው ስድስት ዓመት ያልሞላቸው ነበሩ።

ጥያቄ፦ ትክክለኛ ፎቶግራፏ የትኛው ነው?

መልስ፦ የእሷ መሆኑ የተረጋገጠ ፎቶግራፍ የለም። ያለው ብራንዌል በ1834 አካባቢ ሦስቱን እህቶቹን የሳለበት የቀለም ሥዕል ነው። በ1914 አየርላንድ ውስጥ ቁምሳጥን ላይ ታጥፎ ተገኘ፤ የእጥፋቱ መስመር ዛሬም ይታያል። የሚገኘው ለንደን በብሔራዊው የቁም ሥዕል ሙዚየም (ናሽናል ፖርትሬት ጋለሪ) ነው።

ጥያቄ፦ ኤሚሊ የፈጠረችው «ጎንዳል» የእኛ ጎንደር ነው?

መልስ፦ አይደለም። ኤሚሊና አን ለጨዋታቸው የፈጠሩትን ምናባዊ ደሴት ጎንዳልን ያስቀመጡት ሰሜን ፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ ነው፤ አን በቤታቸው የጂኦግራፊ መጽሐፍ ውስጥ በእጇ አስገብታዋለች። ጨዋታው የልጅነት ብቻ አልነበረም። በ1845 ሁለቱ በባቡር ወደ ዮርክ ሲጓዙ የጎንዳልን ሰዎች ሆነው ይጫወቱ ነበር፤ ኤሚሊ 27 ሊሞላት አንድ ወር ቀርቷት ነበር።

የኢትዮጵያ ነገር የሚገኘው በሻርሎት መጽሐፍ ነው። «ጄን ኤር» ምዕራፍ 5 ላይ ሔለን በርንስ የምታነበው መጽሐፍ የሳሙኤል ጆንሰን «ራሴላስ» ነው፤ ስለ አቢሲኒያ ልዑል የሚያወራው። ጄን ገለጥ ገለጥ አድርጋ ስለ ጂኒና ስለ ተረት የሚያወራ ነገር ስታጣበት መለሰችላት።

ጥያቄ፦ ግጥሟን ከየት ልጀምር? የትኛውን እትም ልግዛ?

መልስ፦ ከ«ሪመምብራንስ» (ትዝታ) ይጀምሩ። አንዲት ሴት ከበረዶ ሥር ለተቀበረ ፍቅሯ የምታሰማው ሙሾ ነው። ብዙ ሰው በዚህ ግጥም ምክንያት ኤሚሊ የሞተባት ወዳጅ ፈልጎላታል። ከፌብሩዋሪ 1844 ጀምሮ ግጥሞቿን በሁለት ደብተር ስትገለብጥ አንዱን ለጎንዳል ለይታ ነበር። ይህ ግጥም ማርች 3 ቀን 1845 በሚል ቀን፣ የጎንዳል ሰዎች ስም በራሱ ላይ ተጽፎ ይገኛል። በ1846 ስታሳትመው ስሞቹን አወጣች።

እትም ሲመርጡ ስለ ጽሑፉ ምንጭ የሚናገረውን ገጽ ይፈልጉ። በእጅ ጽሑፎቿ ላይ የተመሠረተውን ይምረጡ እንጂ ሻርሎት በ1850 ያወጣችውን ብቻ የሚደግመውን ይተዉት። ሻርሎት «ኖ ካዋርድ ሶል ኢዝ ማይን» (ፈሪ ነፍስ የለኝም) ለሚለው ግጥም፣ እህቷ የጻፈችው የመጨረሻ ስንኝ ነው የሚል ማስታወሻ ሰጥታዋለች። የእጅ ጽሑፉ ላይ ያለው ቀን ግን ጃንዋሪ 2 ቀን 1846 ነው፤ በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር የተጻፈ ሌላ ግጥም አለ። «ዘ ቪዥነሪ» በሚል ርእስ ያወጣችው ደግሞ 20 ስንኝ ሆኖ፣ የመጀመሪያዎቹ 12 ኤሚሊ ከጻፈችው ረጅም የጎንዳል ግጥም ተቆርጠው የተወሰዱ፣ የቀሩት 8 የሻርሎት የራሷ ናቸው። ረጅሙን ግጥም በሙሉ የያዘ እትም ካገኙ እሱን ይግዙ።