ሲሞከር ይሠራል፣ ሰው ሲበዛ ስታክ ያደርጋል

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የማራኪ ልጅ ነኝ። ከጎንደር ባሕር ዳር ለሚመላለሱ ሚኒባሶች የትኬት ፕሮግራም ሠርቻለሁ። ሁለት መስኮት አለ። ሽያጩ መጀመሪያ የወንበር ዝርዝሩን ይቆልፋል (ሌላው መስኮት እንዳይነካው)፣ ቀጥሎ የሒሳብ መዝገቡን። ስረዛው ደግሞ ከመዝገቡ ይጀምርና ወደ ዝርዝሩ ይሄዳል። ስሞክረው ምንም አላለም። የጥምቀት ሰሞን ግን ሁለቱም መስኮት አንድ ላይ ስታክ አደረገ። ጓደኛዬ “ፕሮሰስ ካልኩለስ ተማር” ይለኛል። እውነት ይጠቅማል ወይስ የፈተና ማለፊያ ነው?

መልስ፦ ይጠቅማል። ደግሞ በሽታውን ራስህ ጽፈኸዋል እኮ! አንዱ መስኮት ዝርዝሩን ይዞ መዝገቡን ይጠብቃል፤ ሌላው መዝገቡን ይዞ ዝርዝሩን ይጠብቃል። የሚለቅ የለም። ዴድሎክ ይሉታል። ስረዛውም ከዝርዝሩ ይጀምር፤ ያኔ ይኼኛው ይቀራል።

ሙከራህ ለምን አላገኘውም? ብቻህን ተቀምጠህ አንዱን ጨርሰህ ሌላውን ስለነካህ ነው። እያንዳንዱ ሥራ አራት እርምጃ አለው፦ ሁለት መቆለፍ፣ ሁለት መልቀቅ። የቁልፉን ክልከላ ለጊዜው ብንተወው፣ ሁለቱ በ70 ዓይነት ቅደም ተከተል ሊጠላለፉ ይችላሉ። ሦስተኛ መስኮት ስትከፍት 34,650 ይሆናል። ማን ቁጭ ብሎ ይሞክረዋል?

ጓደኛህ ያለህ ፕሮሰስ ካልኩለስ፣ ማለትም ጎን ለጎን የሚሄዱ ሥራዎችን በምልክት የምትጽፍበት ስሌት፣ የተሠራው ለዚህ ነው፤ አንዱን የኤድንብራ ዩኒቨርሲቲው ሮቢን ሚልነር በ1980 እ.ኤ.አ. አወጣው። ምልክቶቹ ጥቂት ናቸው፦ “ከዚያ”፣ “ወይም”፣ “ጎን ለጎን”። ሽያጩንም ስረዛውንም በነዚህ ትጽፋለህ፣ መጠላለፉን ኮምፒውተሩ አንድ በአንድ ይፈትሻል። አሚር ፕኑኤሊ በ1977 ወደ ኮምፒውተር ሳይንስ ያመጣው የጊዜ ሎጂክ (“ሁልጊዜ” እና “በስተመጨረሻ” የሚሉትን በምልክት የሚጽፍ) ሲጨመርበት “የከፈለ ሁሉ በስተመጨረሻ ትኬት ያገኛል” የሚለውንም ማስፈተሽ ይቻላል። እኔ ከዴድሎክ ይልቅ ይህን እወደዋለሁ፤ ተሳፋሪው የሚጮኸው በዚህ ነዋ።

የፈተና ነገር ብቻ እንዳይመስልህ፦ ኒድሃምና ሽሮደር በ1978 ያወጡት የማንነት ማረጋገጫ ፕሮቶኮል ዋና አካሉ ሦስት መልእክት ብቻ ነው። ጋቪን ሎው ቀዳዳውን ያሳየው በ1995 ነው፣ ከ17 ዓመት በኋላ። ቀጥሎም ፕሮቶኮሉን በቶኒ ሆር የሂደት ቋንቋ፣ ማለትም በሌላ ፕሮሰስ ካልኩለስ፣ ጽፎ በማሽን አስፈተሸው።

አንተ በስፒን ጀምር፤ እንዲህ ያለውን መጠላለፍ የሚፈትሽ ፕሮግራም ነው። ነጻ ነው፣ ቋንቋውም ከሆር ሐሳብ የቀዳ ነው። ሲጣበቅ የትኛው እርምጃ ላይ እንደሆነ ያሳይሃል። ግን የሚፈትሸው የጻፍክለትን ሞዴል (የሥራውን ንድፍ) ነው፣ ኮድህን አይደለም። ስለዚህ መብራት መጥፋትንም እንደ አንድ ሂደት ጻፈው፤ ዝርዝሩ ተቆልፎ እያለ ኮምፒውተሩ ቢጠፋ ማን እንደሚከፍተው አልነገርከኝም።