ስፖንሰር «ፕሮግራሙ መቼ ነው?» ብሎ ለሚመልሳችሁ

እህቴ፣ እዚህ ቡድናችን ገጽ ላይ የለጠፍሽውን ጥያቄ በደንብ አነበብኩት። አንቺ ኮሪዮግራፈር ነሽ፣ የዳንስ እንቅስቃሴ ትነድፊያለሽ፤ ጓደኛሽ ሙዚቃ ይደርሳል። ግማሽ ሰዓት ገደማ የሚሆን፣ ሙዚቃውና እንቅስቃሴው አብረው የሚወለዱበት አዲስ ሥራ ልትሠሩ አስባችኋል። ስፖንሰር ፍለጋ የሄዳችሁበት ሁሉ ግን «ፕሮግራሙ መቼ ነው? ስንት ሰው ይገባል? ባነራችን የት ይሰቀላል?» ብሎ መልሷችኋል። የጠየቅሽው ሦስት ነገር ነው። ገንዘቡ ከየት ይመጣል? የሙዚቃ ደራሲው እንዴት ይከፈለው? ሙዚቃው በቀጥታ ይጫወት ወይስ ተቀርጾ ይቅረብ?

አዲስ አበባ ውስጥ መጀመሪያ በዳንሰኝነት፣ በኋላም ፕሮጀክት በማስተባበር ዓመታት ስላሳለፍኩ የማውቀውን ልጻፍልሽ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሺኝ።

ስፖንሰሮቹ ያሏችሁ ነገር ከክፋት አይደለም። የያዙት የማስታወቂያ በጀት ነው፤ የሚገዙት ምሽቱን ነው። አዳራሽ፣ ሕዝብ፣ ካሜራ፣ ሎጎ። እናንተ የቸገራችሁ ግን ከምሽቱ በፊት ያለው ጊዜ ነው። ሁለት ሰዎች አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው የሚሞክሩበት፣ የሚጥሉበት፣ እንደገና የሚጀምሩበት ጊዜ። ይህንን ጊዜ የሚከፍለው ሌላ ዓይነት ገንዘብ ነው፤ የሚጠየቀውም በሌላ ቋንቋ ነው። ስለዚህ ሁለቱን በአንድ ፕሮፖዛል አትጠይቁ። መጀመሪያ የፈጠራውን ጊዜ ራሱን አንድ ፕሮጀክት አድርጋችሁ ጻፉ። መነሻና መድረሻ ይኑረው፣ በጀት ይኑረው፣ መጨረሻ ላይ ለጥቂት ሰው የሚታይ ነገር ይኑረው። የመድረኩ ወጪ ቀጥሎ ይመጣል። ምክሬ በአጭሩ ይኸው ነው፤ የቀረው ዝርዝሩ ነው።

አገራችን ውስጥ ይህ ጊዜ ድሮ በደሞዝ ይከፈል ነበር። ሀገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም. ተመሠረተ፣ ብሔራዊ ቴአትር በ1948 ተከፈተ። ሙዚቀኛውም ተወዛዋዡም በአንድ ግቢ ውስጥ በወር ደሞዝ ይሠሩ ነበር። አንዱ ሌላውን ለማግኘት ፕሮፖዛል አይጽፍም፤ በር ማንኳኳት ይበቃዋል። ዛሬም እነዚህ ቤቶች ደሞዝተኛ ሙዚቀኞችና ተወዛዋዦች አሏቸው። በግላችን የምንሠራ ሰዎች ግን ያ ግቢ የለንም። የምንለምነው ገንዘብ በእውነት የዚያ ግቢ ምትክ ነው። ይህንን በልቡ የያዘ ሰው በጀቱን የሚጽፈው በሌላ መንገድ ነው።

ወጣቶችን ሳገኝ የምነግራቸው አንድ የውጭ ታሪክ አለ። በ1942 እ.ኤ.አ. ኤልዛቤት ስፕራግ ኩሊጅ የተባለች አሜሪካዊት የሙዚቃ ደጋፊ፣ ለኮሪዮግራፈር ማርታ ግራሃም አዲስ ሙዚቃ ላሠራ ብላ ተነሳች። ለሙዚቃ ደራሲው ለአሮን ኮፕላንድ የተመደበለት ክፍያ 500 ዶላር ነበር። ሥራው ዋሽንግተን ውስጥ በኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት፣ በራሷ በኩሊጅ ስም በተሰየመው ትንሽ አዳራሽ እንዲቀርብ ታሰበ። ቦታው ጠባብ ስለነበር ኮፕላንድ ለ13 መሣሪያ ብቻ ጻፈ። ግራሃም የታሪኩን ሐሳብ በጽሑፍ ትልክለታለች፣ እሱ መልሶ ይጽፋል። ሥራው በ1943 ሊታይ ታስቦ ነበር፤ ዘገየ። አብሮ የታዘዘው ሌላው ደራሲ፣ ሜክሲኳዊው ካርሎስ ቻቬዝ ሙዚቃውን በጊዜው ሳያደርስ ቀረና ሌሎች ተተኩ። የኮፕላንድና የግራሃም ሥራ መድረክ ላይ የወጣው ጥቅምት 30 ቀን 1944 እ.ኤ.አ. ነው። ኮፕላንድ በዓመቱ የፑሊትዘር ሽልማትን አገኘበት፤ ሙዚቃው እስከ ዛሬ በዓለም ኦርኬስትራዎች ይጫወታል።

ይህንን የምነግርሽ ታዋቂ ሰዎች ስለሆኑ አይደለም። መጀመሪያ ነገር፣ ከፋዩዋ ገንዘቧን ያወጣችው ሥራው ከመኖሩ በፊት ነው። የአዳራሹ ጥበት ችግር ሳይሆን የሙዚቃው መልክ ሆነ። መዘግየትም ገና ከጥንቱ የዚህ ሥራ ጠባይ ነው፤ ስለዚህ ፕሮፖዛላችሁ ላይ ቀኑን አታጥብቡት። ሁለት ወር ከበቃችሁ ሦስት ጻፉ።

ወደ እኛ ልመለስ። አዲስ አበባ ውስጥ የመጀመሪያ በሮች የባህል ተቋማቱ ናቸው፦ ጎተ ኢንስቲትዩት፣ አሊያንስ ኢትዮ ፍራንሴዝ፣ ብሪቲሽ ካውንስል። ሰው ገንዘብ ብቻ ይጠይቃቸዋል። አንቺ መጀመሪያ ቦታ ጠይቂ። ለልምምድ የሚሆን ክፍል፣ ፒያኖ፣ የድምፅ መሣሪያ፣ መጨረሻ ላይ 40 ሰው የሚቀመጥበት ማሳያ። ብር ከመስጠት ይህንን መፍቀድ ይቀላቸዋል። ከዚያ ያንን ቦታ በገንዘብ ተምነሽ ለሌላው ከፋይ «ይህን ያህል አስተዋፅኦ አለን» ብለሽ በጀትሽ ውስጥ አስገቢው። ባዶ እጁን ከሚመጣ ሰው ይልቅ ግማሽ መንገድ ለደረሰ ሰው ይሰጣሉ።

ጀርመን ውስጥ አብሯችሁ የሚሠራ ቡድን ካላችሁ፣ የጎተ ኢንስቲትዩት ዓለም አቀፍ የጋራ ፕሮዳክሽን ፈንድ በሙዚቃ፣ በዳንስና በቴአትር የሚሠሩ የጋራ ሥራዎችን ይደግፋል። ሆላንድ ያለው የፕሪንስ ክላውስ ፈንድ ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለጀማሪ አርቲስቶች በነፍስ ወከፍ የሚሰጠው ሽልማት ሲጀመር 5,000 ዩሮ ነበር። ለግለሰብ ስለሆነ የድርጅት ማህተም የሌለው ሰውም ይሞክረዋል። ለምሥራቅ አፍሪካ የአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ ናይሮቢ ባለው በሄቫ ፈንድ በኩል «ኢግናይት ካልቸር» በሚል ስም ሲሰጥ ነበር፤ እንዲህ ያሉ ጥሪዎች በዙር ስለሚመጡ የሄቫን ገጽ መከታተል ጥሩ ነው። የጥሪ ማስታወቂያ ባየሽ ቁጥር ግን አንድ ነገር ፈልጊ። የፈጠራና የምርምር ጊዜን ይከፍላል ወይስ ያለቀ ሥራን ብቻ? ያለቀውን ብቻ የሚከፍል ከሆነ ለጊዜው እለፊው።

ጊዜ ሲከፈልለት ምን እንደሚፈጠር ከራሳችን ሰው እናውቃለን። ከአዱኛ የማኅበረሰብ ዳንስ ቲያትር የወጣው ጁነይድ ጀማል ሰንዲ በ2004 እ.ኤ.አ. ወጣት አርቲስትን ከአንጋፋ ጋር በሚያጣምረው የሮሌክስ ፕሮግራም ከጃፓናዊው ኮሪዮግራፈር ሳቡሮ ተሺጋዋራ ጋር ተጣመረ። የተከፈለው አብረው ለሚሆኑበት ጊዜ ነው። ከአዱኛ ጓደኛው ከአዲሱ ደምሴ ጋር ሆኖ ዴስቲኖ የዳንስ ቡድንንም አቋቋመ።

በራስ ገቢ መሥራትም አለ። መላኩ በላይ ፈንድቃን ካዛንቺስ ላይ ከአዝማሪ ቤትነት ወደ ባህል ማዕከልነት ሲያሳድገው፣ ሙዚቀኛውና ተወዛዋዡ በየሳምንቱ በአንድ መድረክ ስለሚገናኙ አዲስ ነገር እዚያው ይበቅል ነበር። በ2017 ዓ.ም. ሰፈሩ ሲፈርስ ቤቱም ፈረሰ። ለእኔ ትልቅ ሐዘን ነው። እንዲህ ያለ ቤት ሲጠፋ የጠፋው መዝናኛ ብቻ አይደለም፤ ፕሮፖዛል የማያስፈልገው የመፈጠሪያ ቦታ ነው።

አሜሪካ ያላችሁ የቡድናችን አባላት ደግሞ ሁለት ስም ያዙ። ኒው ሚውዚክ ዩኤስኤ ከሙዚቃው በኩል፣ የኒው ኢንግላንድ ፋውንዴሽን ፎር ዘ አርትስ ብሔራዊ የዳንስ ፕሮጀክት ከዳንሱ በኩል። የመጀመሪያው በ2011 እ.ኤ.አ. የተፈጠረው ሁለት የቆዩ ድርጅቶች ተዋህደው ነው፤ አንደኛው ከ1974 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለሙዚቃ ደራሲያን ገንዘብ ሲያፈላልግ የኖረ ነው።

አሁን ሰው የሚሸሸው የወረቀት ጉዳይ። ብዙ ለጋሾች ለግለሰብ አይሰጡም። በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት ማኅበር ለማቋቋም ቢያንስ 5 አባላት ያስፈልጋሉ። ለአንድ ሥራ ብላችሁ ይህንን አትጀምሩ። በተመዘገበ ድርጅት ጥላ ሥር ግቡ፤ ለአስተዳደር ስንት በመቶ እንደሚቆርጥ፣ ገንዘቡ በስንት ቀን እንደሚለቀቅላችሁ ግን በጽሑፍ ያዙ። በቃል የተባለ ነገር ሒሳብ ክፍል ሲደርስ ይጠፋል። በጀቱን ደግሞ ከዕለታዊው ምንዛሪ ጋር አገናኙት። ሐምሌ 2016 ላይ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ ከመቶ አለፈ። በብር ተዋውለው በውጭ ምንዛሪ ትኬት የሚገዙ ሰዎች ሥራ መሀል መንገድ ላይ ቆመ።

የሙዚቃ ደራሲው ክፍያ ላይ ረዘም አድርጌ ልቆይ፤ ጓደኝነት የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው። በአገራችን ልማድ አቀናባሪ የሚከፈለው በዘፈን ነው። አንድ ዘፈን፣ አንድ ዋጋ፣ ጨርሶ ያስረክባል። የዳንስ ሙዚቃ ግን አይረከብም። ልምምድ በገባችሁ ቁጥር ይቀየራል።

አንድ ልምምድ ላይ ያየሁትን ልንገርሽ። ደራሲው እስክስታን መነሻ ያደረገ ሙዚቃ ኮምፒውተር ላይ ሠርቶ ላከ። ድምፁ ያምራል። ዳንሰኞቹ ሲሞክሩት ግን መጨረሻው ላይ ሁልጊዜ ይዘገያሉ። ኮሪዮግራፈሯ የምት ቁጥር ጨመረች፣ ቀነሰች፤ አልሆነም። በኋላ ደራሲው ራሱ መጣና ጥግ ላይ መሬት ቁጭ ብሎ አየ። ትከሻው ከመመለሱ በፊት ዳንሰኛው ትንፋሽ ይወስዳል። ኮምፒውተሩ ያንን ትንፋሽ አያውቀውም። ደራሲው ከበሮውን ለስምንት ምት አወጣውና ቦታውን ባዶ ተወው። በዚያ ባዶ ቦታ የዳንሰኞቹ እግር ከወለሉ ጋር የሚያሰማው ድምፅ ራሱ ምት ሆነ። ያ ቦታ ከሥራው ሁሉ ያማረው ክፍል ሆነ። ደራሲው እዚያ ክፍል ውስጥ ባይቀመጥ አይገኝም ነበር። ለዚያ ቀን ክፍያ በበጀቱ ተጽፎለት ስለነበር ነው የተቀመጠው።

እንግዲህ የደራሲውን ገንዘብ በሁለት መስመር ጻፊው። አንደኛው የድርሰቱ ክፍያ ነው። ሲፈርም ቀብድ፣ የመጀመሪያውን ረቂቅ ልምምድ ላይ ሲያመጣ ሁለተኛው፣ ሲያልቅ ቀሪው። ሁለተኛው የልምምድ ቀን አበል ነው፤ ልክ እንደ ዳንሰኛው። የስቱዲዮ ኪራይና የሙዚቀኞች ክፍያ ደግሞ ፈጽሞ ሌላ መስመር ላይ ይሁን። ይህ ካልተለየ ደራሲው ማሲንቆ ተጫዋቹን ከራሱ ኪስ ይከፍላል፤ መጨረሻ ላይ ለራሱ የሚቀረው የታክሲ ብር ነው። ይህንን በዓይኔ አይቻለሁ፣ ያንገበግበኛል።

መብቱንም ገና ከጅምሩ ተነጋገሩ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሙዚቃንም ኮሪዮግራፊንም እንደ ሥራ ይጠብቃል። ነገር ግን ሥራው ወጥ መሆንና በተጨባጭ ነገር ላይ መስፈር አለበት። ሙዚቃው ሲቀረጽ በራሱ ይሰፍራል። ያንቺ እንቅስቃሴ ግን በዳንሰኞቹ አካል ላይ ብቻ ከቀረ ማስረጃ የለሽም። ስለዚህ ሙሉውን ከፊት ለፊት፣ በማይንቀሳቀስ ካሜራ፣ ቀኑን ጠቅሰሽ ቅረጪው። ስልክ ይበቃል። ውሉ ላይ እነዚህን ጥያቄዎች መልሱ፦ እሱ ሙዚቃውን ለብቻው ማውጣት ይችላል? አንቺ እሱን ሳትጠይቂ ቅጂውን ይዘሽ ፌስቲቫል መሄድ ትችያለሽ? በያንዳንዱ ትዕይንት ስንት ይደርሰዋል? ፖስተሩ ላይ ስማችሁ እኩል ይጻፋል? ይህ ከጓደኛ ጋር ማውራት ያሳፍራል ይባላል። እኔ ግን ሳይነጋገሩ ቀርተው ዓመታት የተኮራረፉ ሰዎች አውቃለሁ።

የመጨረሻ ጥያቄሽ፣ በቀጥታ ወይስ ተቀርጾ። ልምምዱ ላይ ቢያንስ አንድ ሙዚቀኛ በአካል ይኑር፤ እዚህ ላይ አልደራደርም። ያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ጎበዝ ተማሪዎች አሉ፤ ልምምዱ ለእነሱም ትምህርት ነው፤ ግን ይከፈላቸው። መድረክ ላይ ደግሞ ከሥራው ዕድሜ አንፃር አስቢው። እያንዳንዱ ሙዚቀኛ ውጭ አገር ስትጋበዙ አንድ ቪዛ፣ አንድ ትኬት፣ አንድ አልጋ ነው። እናንተን ብሆን አንድ ሰው በቀጥታ የሚጫወትበት፣ ቀሪው የተቀረጸ ሙዚቃ አድርጌ እጀምራለሁ። ደራሲው ራሱ መሣሪያ የሚጫወት ከሆነ ደግሞ ሁለት ሰው በአንድ ትኬት ማለት ነው።

የአሥር ደቂቃ ቁራጭ ጥሩ ቪዲዮ ከያዛችሁ በኋላ ወደ ስፖንሰሮቹ ተመለሱ። ያኔ የሚያዩት ነገር አላቸው፣ ምሽቱንም ይገዛሉ። ባንኩ፣ ቴሌኮሙ የዚያን ጊዜ ይጠቅማሉ፤ አዳራሹን፣ መብራቱን፣ ማስታወቂያውን ይሸፍኑላችሁ።

የበጀቱን ረቂቅ ስትጨርሺ ስሞቹን አጥፍተሽ እዚሁ ለጥፊው። እኔም አየዋለሁ፣ በሒሳብ የሚበልጡኝ እህት ወንድሞችም እዚህ አሉ። የልምምድ ቀናቱን ቁጥር ግን ማንም እንዲቀንሰው አትፍቀጂ፤ መቀነስ ግድ ከሆነ ከአልባሳቱ ቀንሱ።