ሴኮቶ ሥዕልን ከማን ተማረ?

ጥያቄ፦ በባሕር ዳር የሥዕል ተማሪ ነኝ። የዘጌ ገዳማትን የግድግዳ ሥዕሎች እያየሁ ስላደግሁ፣ ሠዓሊ ሁሉ ከመምህር እግር ሥር የሚወጣ ይመስለኝ ነበር። ደቡብ አፍሪካዊውን ጄራርድ ሴኮቶን ግን አንዳንዱ ራሱን በራሱ ያስተማረ ነው ሲል፣ ሌላው የአውሮፓውያን ተከታይ ያደርገዋል። የትኛው ትክክል ነው? ፓሪስ መሄዱስ ጠቀመው ወይስ ጎዳው?

መልስ፦ ሴኮቶ መምህር አላጣም፤ ምን እንደሚሥል የነገረው ግን አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1913 በሚድልበርግ አቅራቢያ በቦትሻቤሎ የሉተራን ሚስዮን ተወልዶ፣ በመምህርነት ሠልጥኖ ጥቂት ዓመታት ካስተማረ በኋላ ሥራውን ትቶ ወደ ጆሃንስበርግ ሄደ። በዘይት ቀለም መሥራትን ያሳየችው ሠዓሊዋ ጁዲት ግሉክማን ናት። ከአውሮፓ የመጣው ነገር ይኸው የቀለሙ አያያዝ ሲሆን፣ ጉዳዩን ያገኘው ከሚኖርበት ከሶፊያታውን ጎዳና ነው። የዚያን ሰፈር ቢጫ ቤቶች የሣለበትን ሥራ የጆሃንስበርግ የሥዕል ሙዚየም በ1940 ሲገዛ፣ የጥቁር ሠዓሊ ሥዕል ወደዚያ ሲገባ የመጀመሪያው ነበር።

ለዘጌ ልጅ አንድ ነገር ልጠቁም። በቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን ጻድቁ ፊቱን ወደ እኛ ሲያቀና፣ ኃጥኡ በጎን በአንድ ዓይኑ ይታያል፤ የሴኮቶ ሰዎች ግን ብዙ ጊዜ ጀርባቸውን ሰጥተውን ወደ ጉዳያቸው ይሄዳሉ፤ ማንነታቸውንም የምናውቀው ከትከሻቸውና ከአረማመዳቸው ነው። ከአገሩ ሊወጣ ሲል፣ ከአንድ ፎቶግራፍ ተነሥቶ በሣለው «የዶማ ዜማ» ላይ፣ ሠራተኞቹ እንደ ደቦ አጫጆች በአንድ ምት ተያይዘው ዶማቸውን ወደ ላይ ያነሣሉ፤ ነጩ አሠሪ ግን ፒፓውን ይዞ ፊት ለፊታቸው ብቻውን ቆሟል። አሠሪውን እንዲህ ቀጭንና ደካማ አድርጎ ማሳየቱ ከየትኛውም መፈክር የበረታ ተቃውሞ ይመስለኛል።

በ1947 ወደ ፓሪስ ሄዶ በመሸታ ቤቶች ፒያኖ እየተጫወተ ኖረ። እንደ እኔ አስተያየት ጉዞው ሥዕሉን ጎድቶታል፤ ጥፋቱ ግን የፓሪስ አይደለም። ሴኮቶ ከፊቱ ያለውን ሲያይ የሚበረታ ሠዓሊ ነበርና፣ ከትዝታ ሲሥል ያው መንገድና ያው ሰው እየተደጋገመ መጣ፤ በዚያ ላይ ከ1955 ጀምሮ ሶፊያታውን ራሱ በመንግሥት ትእዛዝ ፈረሰ። በ1966 ለጥቁር ሕዝቦች የኪነ ጥበብ ፌስቲቫል ወደ ዳካር ሄዶ በሴኔጋል ሲቆይ፣ ዐይኑ እንደገና የሚሠራበት ነገር አገኘ። ወደ አገሩ ሳይመለስ በ1993 በፈረንሳይ ዐረፈ።