የኢ110 ኮሮላ ዲፈረንሻል ካምቢዮው ሳይወርድ ይወጣል ወይ?

«ኢ110 ኮሮላዬ ሲሮጥ ስለሚያጉረመርም ዲፈረንሻሉ ተፈቶ ይታይ ተባልኩ፤ እንደ ዲኤክስ ካምቢዮው ሳይነካ ሊወጣ ይችላል ወይ?» ብለው ለጠየቁት ወንድማችን፣ መልሴ አይችልም የሚል ነው። ዲኤክስ የሚባለው የድሮው ኮሮላ የሚነዳው በኋላ ጎማ በመሆኑ ዲፈረንሻሉ፣ ማለትም የሞተሩን ኃይል ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያካፍለው ክፍል፣ ከኋላ አክስል ላይ ለብቻው ተቀምጧል። የእርስዎ መኪና ግን የሚነዳው በፊት ጎማ ስለሆነ ካምቢዮውና ዲፈረንሻሉ በአንድ የአሉሚኒየም ቤት ውስጥ ሆነው አንድ ዘይት ይጋራሉ። ስለዚህ ካምቢዮው መውረድ አለበት፤ ከወረደ በኋላም ዲፈረንሻሉ የሚወጣው ከሁሉ መጨረሻ ነው።

ከማውረድዎ በፊት ግን ድምፁን በደንብ ያጣሩ። መኪናው ቆሞ በኒውትራል ሲሠራ የሚሰማና ፍሪሲዮን ሲረገጥ የሚጠፋ ከሆነ፣ ከሞተሩ ኃይል የሚቀበለውን ዘንግ ኩሽኔታ ይጠርጥሩ። በየትኛውም ማርሽ ቢሆን የመኪናውን ፍጥነት ብቻ እየተከተለ የሚጨምር ከሆነ የዲፈረንሻሉ ወይም የጎማው ኩሽኔታ ሊሆን ይችላል፤ መንገድ ላይ መሪውን ወደ አንድ ወገን ሲያዞሩ ድምፁ ከተለዋወጠ አብዛኛውን ጊዜ የጎማው ነው። በጎማ ኩሽኔታ ምክንያት ደህናው ካምቢዮ ተፈትቶ ሲያድር ከአንድ ጊዜ በላይ አይቻለሁ።

ጥፋቱ የዲፈረንሻሉ መሆኑ ከተረጋገጠ ሥራው የሚጀምረው ከዳር፣ ከ5ኛ ማርሽ ነው። የጎን ክዳኑ ሲነሳ 5ኛ ማርሽ ብቻውን ውጭ ተቀምጦ ይታያል። ዘንጎቹ እንዳይዞሩ ሁለት ማርሽ በአንድ ጊዜ ይገባና፣ 5ኛ ማርሹን የያዘው ዳዶ የተቀጠቀጠ ከንፈሩ በመሮ ተቃንቶ ይፈታል፤ ይህ ዳዶ ሲገጠም በአዲስ መተካት አለበት። 5ኛ ማርሹ በፑለር (ስቦ በሚያወጣ መሣሪያ) ይወጣል እንጂ በመዶሻ አይመታም።

ቀጥሎ ያለው እኔን ያስከፈለኝ ቦታ ነው። የካምቢዮው ቤት ዙሪያ ቡሎኖች በሙሉ ቢፈቱም፣ የኩሽኔታዎቹ ማቆሚያ ቀለበቶችና የኋላ ማርሹን ዘንግ ከውጭ የሚይዘው ቡሎን ካልወጡ ቤቱ አይለያይም። በጀማሪነቴ ያን አንድ ቡሎን ረስቼ በካቻቢቴ ስፈለቅቅ የአሉሚኒየሙን ፊት ቆርሼው፣ መኪናው ከተገጠመ በኋላ ዘይት ማንጠባጠቡን አላቆመም፤ ኪሳራውም የእኔ ሆነ። በፕላስቲክ መዶሻ ቀስ ብለው መትተው እንቢ ካለ ያልተፈታ ነገር አለና መታገሉን ትተው ይፈልጉ። ማርሽ መቀየሪያዎቹን የሚይዙት ትናንሽ ኳሶችና ስፕሪንጎችም ቤቱ ከመነሳቱ በፊት በየቀዳዳቸው ምልክት ተደርጎባቸው ይውጡ፤ አንዷ ኳስ ወለል ላይ ከተንከባለለች ቀኑ እሷን በመፈለግ ያልቃል።

ቤቱ ሲነሳ ሁለቱ የማርሽ ዘንጎች ከነመቀየሪያ ሹካቸው አብረው ይወጣሉ፤ ያኔ ዲፈረንሻሉ ያለ ምንም ትግል በሁለት እጅ ይነሳል። የትልቁን ጥርስ ፊት፣ የሁለቱን ወገን ኩሽኔታዎችና በውስጥ ትናንሾቹ ጥርሶች የሚዞሩበትን ፒን ይመርምሩ። በቤቱ ውስጥ የብረት ብናኝ የሚሰበስበው ማግኔት ላይ ያለ ግራጫ ጭቃ የተለመደ መበላት ነው፤ በጣት የሚለይ ስባሪ ብረት ከተገኘ ግን አንድ ጥርስ ወይም ኩሽኔታ ፈርሷል ማለት ነው።

ከዲፈረንሻሉ ኩሽኔታ ውጫዊ ቀለበት ሥር ያለችውን ሺም የምትባል ቀጭን የብረት ቀለበት እንደ ቆሻሻ ጠርጎ የሚጥላት አለ። የኩሽኔታው ጥብቀት የሚወሰነው በእሷ ውፍረት ነው። ኩሽኔታ ሲቀየር አሮጌዋ ሺም ትክክል ላትሆን ስለምትችል፣ ቤቱ ያለ ማርሽ ዘንጎቹ ተገጥሞና ቡሎኖቹ ጠብቀው የዲፈረንሻሉ መዞሪያ ኃይል መለካት አለበት። ከላላ ያው ጉርምርምታ ይመለሳል፣ ከጠበቀ ደግሞ አዲሱ ኩሽኔታ ሞቆ ይበላሻል። ትልቁ ጥርስ ራሱ የሚቀየር ከሆነ በፈላ ውሃ ሞቆ ሲሰፋ በቀላሉ ይገባል፤ በእሳት አያሙቁት።

የሁለቱን አክስሎች ኦይል ሲል (ዘይት እንዳይፈስ የሚያግደውን ቀለበት) በዚያው ይቀይሩ። ዘይቱም መኪናው ደልዳላ ቦታ ላይ ቆሞ በመሙያው ቀዳዳ አፍ ሊፈስ እስኪል ድረስ ይሞላል።